እንጦጦ እንደ ፈተና ሜዳ፦ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎችና የብልሽት ፍለጋ ጥበብ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንዱን ምዕራፍ መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ብዙም ሳላመነታ ዓይኔን ያነሣሁት ወደ እንጦጦ ተራራ ነው። ስለ አውቶሞቢል ወደ አገራችን መግባት የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚተርከው መኪናው መቼ እንደ ደረሰ፣ ማን እንዳመጣውና ንጉሠ ነገሥቱ እንዴት እንደ ተቀበሉት ነው። ከደረሰ በኋላ ለምን እንደ ቆመ፣ ማን እንዳስነሣውና የብልሽቱ ሥር በምን ዘዴ እንደ ተገኘ ግን የሚነግረን ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም። የመካኒክነትና የመሐንዲስነት ሙያ ላለን ሰዎች ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ ይመለከተናል። ስለዚህም በዚህ አጭር ጽሑፍ የሚታወቀውን ታሪክ መነሻ አድርጌ፣ የየካና የእንጦጦ አቀበት ከጥንት ጀምሮ ሞተርን እንዴት ሲፈትን እንደ ኖረና ከፈተናውም ምን እንደምንማር ለማሳየት እሞክራለሁ።

ብልሽት ከመኪና ጋር አብሮ ተወለደ

ካርል ቤንዝ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በቤንዚን ለሚንቀሳቀሰው ባለሦስት እግር ሠረገላው የፈጠራ መብት የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ይሁን እንጂ መኪናው በእውነተኛ መንገድ ላይ በሚገባ የተፈተነው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1888 ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ ሁለት ልጆቿን አሳፍራ ባሏ ሳያውቅ ከማንሃይም ተነሥታ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ወደ ፎርትስሃይም በተጓዘች ጊዜ ነው። በዚያ ጉዞ የቤንዚኑ ቧንቧ ተደፈነ፤ በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። የብልጭታው ሽቦ ተልጦ ተነካካ፤ የእግር ሹራቧን ማሰሪያ ጠቅልላ ሸፈነችው። የፍሬኑ እንጨት ተበላ፤ ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ አስመታችበት። ነዳጅም ሲያልቅባት ከመድኃኒት ቤት ገዛች። አቀበቱን ግን በመርፌም በማሰሪያም ልታሸንፈው አልቻለችም፤ ልጆቿ እየገፉ አወጡት። ስትመለስም ለባሏ ያቀረበችው ምክር መኪናው ለአቀበት የሚሆን ተጨማሪ ከባድ ማርሽ እንዲኖረው ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ የመኪና ፈተና ማለት ጉድለትን ለማግኘት ታስቦ የሚደረግ ጉዞ ነው እንጂ ለታይታ የሚደረግ ሽርሽር አይደለም። ሁለተኛ፣ ሜዳ የሚደብቀውን ጉድለት አቀበት ያወጣዋል። እንግዲህ የጀርመን ኮረብታ ይህን ያህል ካስተማረ፣ የእንጦጦ ተራራ ምን ያህል ሊያስተምር እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

በ1900 ዓ.ም. የደረሱት ሁለት መኪናዎች

ከአውቶሞቢል አስቀድሞ በአዲስ አበባ የታየው በሞተር የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ በእንፋሎት የሚሠራው ከባድ መኪና ነበር። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያስመጣው በመሆኑ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» እያለ ጠራው። አውቶሞቢል ግን የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን የአገሩን መኪና ይዞ ከጅቡቲ በኩል መጣ፤ ጥቂት ቆይቶም አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ በሳክሶን አገር በኮስቪግ ከተማ የተሠራውን ናኬ የተባለ መኪና አስከትሎ ደረሰ። የሁለቱም ጉዞ በየአገራቸው በመጽሐፍ ታትሟል። ለአዲስ ዕቃና ለጥበብ ሥራ ሁሉ ትልቅ ፍላጎት የነበራቸው ንጉሠ ነገሥትም መኪናውን በዓይናቸው መርምረው ተሳፍረውበታል።

እዚህ ላይ የጊዜውን የመንገድ ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት ሳይቀጥል ቆይቷል። ስለዚህ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ምድር የግመልና የበቅሎ መንገድ ብቻ ነበር። በረሃውን፣ የአዋሽን ገደልና የሸዋን አቀበት ለማለፍ ሞተሩ ብቻውን አልበቃም፤ የሰውና የእንስሳ ጉልበት ደጋግሞ አስፈልጓል። ከፊት ሆነው ድንጋይ የፈነቀሉት፣ ገመድ የጎተቱትና ከኋላ የገፉት ሰዎች ቁጥራቸው ብዙ ነው፤ በታሪክ ስማቸው የቀረው ግን የባለመኪናዎቹ ነው።

የዚያ ዘመን መኪና ምን ዓይነት እንደ ነበረም ወጣት ባልደረቦቼ በዓይነ ሕሊናቸው ይመልከቱት። ሞተሩ የሚነሣው ከፊት በኩል በማኖቬላ ነው። ብልጭታው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንዲመጣ ነጂው በመሪው አጠገብ ያለች አነስተኛ ማንሻ በእጁ ያስተካክላል፤ ረስቶ ካስቀደማት ማኖቬላው ወደ ኋላ ተመልሶ ክንድ ይሰብራል። ፍሪሲዮኑ ቆዳ የለበሰ የሾጣጣ ቅርጽ ያለው ብረት ነው፤ ዘይት ከነካው ይንሸራተታል፣ ከደረቀም በድንገት ይነክሳል። እግሮቹ በብዛት የእንጨት ናቸው፤ በደረቅ በረሃ እንጨቱ ሲኮማተር የእግሩ ዘንጎች ይላላሉ፣ ውኃ እየጠጡ ካላበጡ በስተቀር ይወላልቃሉ። ፍሬኑ የሚይዘው የኋላዎቹን እግሮች ብቻ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ነው እንግዲህ የሸዋን ተራራ እንዲወጣ የተጠየቀው።

ተራራው በሞተር ላይ የሚያደርሰው

አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ከእርሷ ግርጌ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ብትሆን መካከለኛ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ያህል ነው። የእንግሊዝ፣ የሩሲያና የፈረንሳይ ሌጋሲዮኖች የተተከሉት ደግሞ ከግቢ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በምንለው አካባቢ፣ በተራራው እግር ሥር ነው። ወደዚያ ለመድረስ ቀበናን መሻገር ግድ ነበር፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላም ማለፊያው ይጨንቅ ነበር። ስለዚህ በከተማችን ውስጥ መኪና መንዳት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወንዝ መሻገርና አቀበት መውጣት ማለት ነበር።

በከፍታ ላይ የአየር ግፊት ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው ግፊት አዲስ አበባ ላይ ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ይቀራል፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የአየር ስፋት ያው ሆኖ ክብደቱ ግን ስለሚያንስ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 20 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ ከ15 ብዙ አይበልጥም፤ እንጦጦ ላይ ወደ 14 ይጠጋል። ይህ ማለት መኪናው ጉልበት በሚሻበት ቦታ ላይ ከጉልበቱ ሩብና ከዚያም በላይ ያጣል ማለት ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። አሮጌው ካርቡራቶር የሚያውቀው የሚያልፈውን አየር ፍጥነት እንጂ ክብደት ስላልሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። በአዲስ አበባ ከፍታ ቅልቅሉ 15 በመቶ ገደማ ቤንዚን ይበዛበታል። ሞተሩ ይተነፍጋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል። ውኃም በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው አዲስ አበባ ላይ በ92፣ እንጦጦ ላይ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላልና ራዲያተሩ ገና ሳይታሰብ መንተክተክ ይጀምራል። ቤንዚኑም እንዲሁ በቀላሉ ወደ ትነት ይለወጥና በቧንቧው ውስጥ እንደ ቡሽ ሆኖ መንገድ ይዘጋል። ይህ ሁሉ ሲደርስ ከመኪናው አንድም ዕቃ አልተሰበረም፤ የተበላሸ ነገር የለም። ከአውሮፓ የመጣ ነጂ በአገሩ ዓይን ስብራት ሲፈልግ ቢውል አያገኝም፤ ምክንያቱም ብልሽቱ ያለው በመኪናው ውስጥ ሳይሆን በመኪናውና በአገሩ መካከል ነው።

ዳገትና ቁልቁለት

የዚያን ጊዜ ሠሪዎች የአቀበትን አደጋ አልዘነጉትም። በብዙ መኪናዎች ሥር እንደ ምርኩዝ የተንጠለጠለ ብረት ነበረ፤ መኪናው ዳገት ላይ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ነጂው ያወርደውና መሬት ወግቶ ይይዘዋል። ቤንዚን በፓምፕ ሳይሆን በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ በሚፈስባቸው መኪናዎች ደግሞ፣ ማጠራቀሚያው ከካርቡራቶሩ ዝቅ ካለ ሞተሩ ይጠማል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ መኪናውን አዙሮ ተራራውን በኋላ ማርሽ መውጣት ነው። የሚያስቅ ቢመስልም የብልሽት ፍለጋ ትክክለኛ ምሳሌ ነው፤ ነዳጁ የማይመጣበትን ምክንያት ያወቀ ሰው አንዲት ብሎን ሳይፈታ ችግሩን ያስወግዳል።

ሰሜን ምሥራቁ የከተማችን በር ከዚያም ወዲያ ሞተርን መፈተኑን አላቆመም። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ከሺህ በላይ የሆኑት የጭነት መኪናዎቹ በጣርማበር ተራራ ላይ ቆመዋል። አርበኞች መንገዱን አፍርሰውት ስለ ነበር ወታደሮቹ ድንጋይ እየተሸከሙ እስኪጠግኑት ድረስ ያ ሁሉ ሞተር ከንቱ ሆነ። ጦሩ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፍቼ መንገድ መጥተው በእንጦጦ ማርያም ጸሎት ካደረሱ በኋላ በአውቶሞቢል ቁልቁል ወደ ከተማይቱ ወረዱ። በታሪክ መጽሐፍ ይህ የነጻነት ቀን ነው፤ እኔም እንደ ሁሉም ሰው በዚያው አስበዋለሁ። ነገር ግን ያን ቁልቁለት የሚያውቅ መካኒክ በልቡ ስለ ፍሬኑም ማሰቡ አይቀርም።

ቃላቱ የሚመሰክሩት

የመጀመሪያዎቹ የአገራችን መካኒኮች የጻፉት ማስታወሻ ባይገኝም ያወረሱን ቃላት አሉ። መኪና፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ማኖቬላ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ሁሉ ከኢጣልያ ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። ቃል ከሥራ ጋር ይመጣል፤ እነዚህም ቃላት ሙያው በትምህርት ቤት ሳይሆን በጋራዥ ውስጥ፣ ከሰው ወደ ሰው፣ ቁልፍ በማቀበል እንደ ተላለፈ ይመሰክራሉ። ከባዕድ ጌታው እጅ መፍቻ ሲቀበል የዋለ ልጅ ማታ ላይ ስሙንም ምክንያቱንም ይዞ ይገባ ነበር። ስሙን ለሁላችን አስተላለፈው፤ ምክንያቱን ግን የወረሱት አጠገቡ የቆሙት ብቻ ናቸው።

ከአንድ አዛውንት የተማርኩት

ይህን የምለው በንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በ1974 ዓ.ም. ገና ከትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ በአንድ አነስተኛ ጋራዥ ተቀጥሬ ሳለሁ፣ ከቆላ አገር የመጣ አንድ አሮጌ የቤንዚን የጭነት መኪና ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን በላይ ባለው ዳገት ላይ ጉልበት እያጣ አስቸገረን። ካንዴላዎቹን አወጣሁ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ አጸዳሁ፣ የብልጭታውን ሰዓት አስተካከልሁ፤ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ተሻለውና ተመልሶ ቆመ። ሁለት ጊዜ እንዲሁ አደረግሁ። በሦስተኛው የጋራዡ አዛውንት መካኒክ መጡ።

«ጋሼ፣ ካንዴላውን ጠርጌዋለሁ፤ ከእንግዲህ የቀረ ነገር ያለ አይመስለኝም» አልኋቸው።

«መጥረግህንስ ጠርገኸዋል፤ ከመጥረግህ በፊት ግን አይተኸዋል ወይ ልጄ?» አሉኝ።

አላየሁትም ነበር። ማስረጃውን በገዛ እጄ ሁለት ጊዜ ደምስሼዋለሁ። እርሳቸው መኪናውን በሙሉ ጉልበቱ ዳገቱን አስወጥተው በመካከል ሞተሩን አጠፉና ካንዴላውን ነቅለው አሳዩኝ፤ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ቀጥለው የጠየቁት ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ መኪናው አገር ነበር፤ «ካርቡራቶሩ የተስተካከለው የት ነው?» አሉ። ሾፌሩ ቆላ ላይ መሆኑን ሲነግራቸው ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀጭን ቀዳዳ ጠበብ ባለች ለወጧት፤ መኪናው ያለ አንዳች ማጉረምረም ተራራውን ወጣ።

በማግሥቱ ያው መኪና ያው ዳገት ላይ እንደ ገና ቆመ። እኔም ትምህርቴን እንደ ጨረሰ ሰው ያቺኑ ቀዳዳ ይበልጥ ላጠብባት ስነሣ ክንዴን ያዙኝ። «ትናንት እየተንተባተበ ነበር፤ ዛሬ ድምፁን ሳያሰማ ነው የቆመው» አሉኝ። ካንዴላው ደረቅና ንጹሕ ነበር። የቤንዚኑን ቧንቧ ነክተው እንደ ጋለ አስተዋሉና እርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉበት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞተሩ ተነሣ። በመጀመሪያው ቀን ቤንዚን በዝቶበት፣ በሁለተኛው ቀን ቤንዚን ጨርሶ አጥቶ፣ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት የሚመስል ብልሽት ደረሰ። ሁለቱን የለየላቸው ጆሯቸው፣ ዓይናቸውና መዳፋቸው ነው። አየር ሲሳሳ ቤንዚን በቶሎ እንደሚተን በመጽሐፍ ተምሬ ነበር፤ እርሳቸው ግን መጽሐፉን ሳያነቡ ተራራውን አንብበውታል።

ብዙ ዓመት አብሬያቸው ልሠራ ስችል ሌላ ሥራ አግኝቼ ሄድሁ። ያዩትንና የሚያውቁትን ጠይቄ ልጽፍ ደጋግሜ አስቤ ነበር። ሳልጽፍ አረፉ። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ከሁሉ በላይ የቆጨኝም ይኸው ነው።

ለዛሬ የሚተርፈው ትምህርት

ዛሬ ዘመናዊው ሞተር የአየሩን ግፊትና በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክሲጅን ራሱ እየለካ ቤንዚኑን ስለሚመጥን የእንጦጦ ዳገት እንደ ድሮው አያስተነፍገውም። የመካኒኩም ሥራ ኮምፒዩተር ሰክቶ የብልሽት ቁጥር ማንበብ ሆኗል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው የትኛው መለኪያ እንደ ቅር እንዳለው ነው እንጂ ቅሬታው ከየት እንደ መጣ አይደለም። ቁጥሩን አጥፍቶ መኪናውን የሚሸኝ ወጣት፣ ካንዴላውን ሳላይ ከጠረግሁት ከእኔ በምን ይለያል?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች በመንገዶቻችን በዝተዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ሆኖም ተራራው ለእርሱም ሌላ ጥያቄ አዘጋጅቶለታል። እንዲህ ያለው መኪና ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ወደ ዲናሞነት ተለውጦ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው እላይ ሳለ ሙሉ ከሆነ ግን የሚመነጨውን ኃይል የሚቀበል ስፍራ ስለማይኖር ያ መያዣ ይደክማል፤ ክብደቱ ሁሉ በተራው ፍሬን ላይ ይወድቃል። በ2013 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የሚወጣና የሚወርድ ነጂ ይህን ያውቃልን? የሚጠግንለት መካኒክስ ነጂው በመጣ ጊዜ «ባትሪውን የሞላኸው የት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋልን? ጥያቄው «ካርቡራቶሩ የተስተካከለው የት ነው?» ከሚለው ከአዛውንቱ ጥያቄ ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን የብልሽት መዝገብ እንዲያቋቁም ሐሳብ አቀርባለሁ። መዝገቡ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ መኪናው ከየት እንደ መጣ፣ በምን ከፍታና በምን ሰዓት እንደ ቆመ፣ መጀመሪያ ምን እንደ ታየ፣ ምን እንደ ተሞከረና የትኛው ሙከራ እንዳልሠራ የሚጻፍበት ደብተር ይበቃል። በተለይም ያልሠራው ሙከራ ይጻፍ፤ ለሚቀጥለው ሰው ብዙ ድካም የሚያተርፍለት እርሱ ነውና። ከዚህም ጋር በየጋራዡ ያሉት አዛውንት መካኒኮች በሕይወት ሳሉ ሄደን እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም ከነስማቸው እንጻፍ።

በ1900 ዓ.ም. መኪናውን ገፍተው ሸዋን ካወጡት ሰዎች መካከል ሞተሩ ለምን እንደ ደከመ ቆሞ ያሰበ አንድ ሰው ሳይኖር አይቀርም። እርሱን ዛሬ ልንጠይቀው አንችልም። በየካ መንገድ ዳር፣ የተከፈተ ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያዳምጠውን ግን ነገ ጠዋት ልንጠይቀው እንችላለን።